ምዕራፍ አምስት፦ ውሃ እንግዳ ሆኖ ሲመጣ

ጥር 11 ቀን ጠዋት በጎንደር ፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ የሚሰበሰበው ሕዝብ አብዛኛው ነጭ ለባሽ ነው። ጸሎቱ አልቆ ውሃው ከተባረከ በኋላ ወጣቶች ከነልብሳቸው ወደ ገንዳው ይወረወራሉ። ሲወጡ ልብሳቸውን ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ይታዘባል። የሸማ እጀ ጠባብ የለበሰው ልጅ ልብሱ ገላው ላይ ተለጥፎ፣ ውሃው ከዘርፉ እየተንጠባጠበ፣ ጥርሱ ይንገጫገጫል። አጠገቡ የኳስ ማልያ ለብሶ የዘለለው ጓደኛው ማልያውን ሁለቴ ጨምቆ ያራግፍና ብዙም ሳይቆይ ደርቆለት ከጭፈራው ይቀላቀላል። ውሃው አንድ ነው፤ ፀሐይዋም አንድ ናት። የተለየው ክሩ ነው።

ስለ ልብስ ስንነጋገር ቶሎ ወደ አፋችን የሚመጣው ክፍፍል «የተፈጥሮ» እና «ሰው ሠራሽ» የሚለው ነው። ቅዳሜ ገበያ ሻጩ «ንጹሕ ጥጥ ነው፣ እትዬ፤ ይዳስሱት!» ሲል በዚህ ክፍፍል ተማምኖ ነው። ክፍፍሉ ስህተት የለበትም፤ ለለባሹ ግን ብዙ አይነግረውም። ጥጥና ሱፍ ሁለቱም የተፈጥሮ ናቸው፤ ዝናብ ሲመታቸው ግን ጠባያቸው አይገናኝም። ቪስኮስና ፖሊስተር ሁለቱም ከፋብሪካ ይወጣሉ፤ አንዱ ውሃ ሲያገኝ ጠጥቶ አይረካም፣ ሌላው ጨርሶ አይቀምስም። በዚህ ምዕራፍ የምሟገትለት ሐሳብ አንድ ነው፦ የክርን ጠባይ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው «ከየት መጣ?» ከማለቱ በፊት «ውሃን እንዴት ይቀበላል?» ብሎ ይጠይቅ። ሙቀቱ፣ ጥንካሬው፣ ቀለም አያያዙ፣ ሲታጠብ መጥበቡ፣ ላብ ላብ መሽተቱ እንኳ ከዚህ መልስ ይመዘዛል።

ከቀደሙት ምዕራፎች ሁለት ነገር ይዘን እንግባ። በምዕራፍ ሦስት የሸክላ እንስራ ውሃን ለምን እንደሚያቀዘቅዝ ስናይ፣ ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከነካው ነገር ሙቀት እየወሰደ እንደሚሄድ ተነጋግረናል። በምዕራፍ አራት ደግሞ ገመድን ምሳሌ አድርገን፣ አጫጭር ጭረቶች ሲከረሩ እርስ በርስ ተናንቀው ረጅምና ጠንካራ ነገር እንደሚሆኑ አይተናል። ሁለቱም እዚህ ይመለሳሉ።

ከቆላ እስከ ውርጭ

የጎንደር አካባቢ ለዚህ ጨዋታ የተመቸ ነው፤ ክሮቹ በከፍታ ተደርድረውበታል። ከከተማው ወደ ምዕራብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደን መተማ ስንደርስ ከፍታችን ከ1,000 ሜትር በታች ነው። መተማ፣ ቋራና የአርማጭሆ ቆላ የጥጥና የሰሊጥ አገር ናቸው። ጥጥ ሙቀት ይወዳል፤ ውርጭ ከነካው አለቀለት። ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን፣ ዳባትን አልፈን ደባርቅ ስንገባ ደግሞ 2,800 ሜትር ላይ ነን። ከዚያ ወዲያ ሰንቀበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ እያለ ተራራው ይቀጥላል፤ የሁሉም አናት ራስ ደጀን 4,550 ሜትር ይደርሳል። እዚያ ጥጥ ማብቀል አይታሰብም። የደገኛው ክር በግ ጀርባ ላይ ነው የሚበቅለው።

ከተማዋ በ2,100 ሜትር ከፍታ መሃል ላይ ተቀምጣ ከሁለቱም ትቀበላለች። ከቆላ የወጣው ጥጥ በመዳመጫ ከፍሬው ይለያል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ሆኖ ይጠቀለላል፣ ከዚያ በእንዝርት ተፈትሎ ልቃቂት ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ሥራው የሴቶች ነው። ከዚያ ሸማኔው ይረከበውና ድርና ማጉን ያገናኛል። በጎንደር ይህ ሙያ ለረጅም ዘመን በከተማው ሙስሊሞችና በወለቃ፣ በአካባቢውም መንደሮች ይኖሩ በነበሩ ቤተ እስራኤል እጅ ቆይቷል። ቤተ እስራኤላውያኑ አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ጉዞዎች ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ ሙያቸውን ግን ጎረቤት ወርሶታል። የውጭ ክርም ለጎንደር እንግዳ አይደለም። በነገሥታቱ ዘመን ከሕንድ በቀይ ባሕር በኩል የሚገባ ባለቀለም ጨርቅ ክሩ እየተፈታ ለጥለት ይውል ነበር። «ድሮ ሁሉም ነገር የአገር ቤት ነበር» የሚሉ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ቅር ይላቸዋል፤ እውነቱ ግን እሱ ነው።

ጥጥ፦ በሩ ብዙ የሆነ ቤት

የጥጥ ጭረት ማለት በጥጥ ፍሬ ቆዳ ላይ የበቀለ ጸጉር ነው። እያንዳንዱ ጭረት አንዲት ሕዋስ ናት፤ ርዝመቷ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ፍሬውን የያዘው ቋት ተዘግቶ ሳለ በውስጧ ፈሳሽ የሞላባት ክብ ቱቦ ነበረች። ቋቱ ሲፈነዳ ፈሳሹ ይደርቃል፤ ቱቦዋም ጠፍጣፋ ትሆንና ትጠማዘዛለች። ይህ መጠማዘዝ ለፈታይዋ ትልቅ እርዳታ ነው፤ ጭረቶቹ እንዝርት ላይ ሲከረሩ አጥብቀው የሚያያዙት በዚህ ነው። መጠማዘዝ የሌለው ልሙጥ ጭረት ቢሆን ኖሮ በእጅ መፍተል ይህን ያህል ባልቀና ነበር።

የቱቦዋ ግድግዳ ከሞላ ጎደል ሴሉሎስ ነው። ሴሉሎስ በሺህ የሚቆጠሩ የስኳር ቅንጣቶች ተቀጣጥለው የሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። እንጨትም፣ ጭድም፣ ይህ መጽሐፍ የታተመበት ወረቀትም መሠረታቸው ይኸው ነው።

አሁን ውሃን እንደ እንግዳ፣ ክርን እንደ ቤት እናስብ። ሴሉሎስ በያንዳንዱ የሰንሰለት ዐይን ላይ ሦስት ሦስት በር ያለው ቤት ነው። በር የምለው ኬሚስቶች ሃይድሮክሲል የሚሉትን ነው፤ ይኸውም አንድ ኦክስጅንና አንድ ሃይድሮጅን የተጣመሩበት ቦታ ነው። ውሃም ከእነዚሁ ከኦክስጅንና ከሃይድሮጅን የተሠራ ስለሆነ ሁለቱ ይሳሳባሉ። እንግዳው ሲመጣ በየበሩ የሥጋ ዘመዱ ቆሞ «ቤት ለእንግዳ» ይለዋል። ሁሉም ክፍል ግን ክፍት አይደለም። ሰንሰለቶቹ ጥቅጥቅ ብለው በተሰለፉበት በኩል በሮቹ እርስ በርስ ተቆላልፈዋል፤ እንግዳው የሚገባው ሰንሰለቶቹ ላላ ባሉበት ክፍል ነው። ጥጥ ከስኳር ተሠርቶ ሳለ ውሃ ውስጥ የማይሟሟው እነዚያ የተቆለፉ ክፍሎች ቤቱን አጥብቀው ስለያዙት ነው።

ይህ መስተንግዶ ዝናብ እስኪመጣ አይጠብቅም። ፍጹም የደረቀ 100 ግራም ጥጥ መጠነኛ ርጥበት ባለው አየር ውስጥ ቢቀመጥ ከአየሩ ብቻ 8 ግራም ያህል ውሃ ይወስዳል። ሳጥን ውስጥ «ደርቆ» የተቀመጠው ነጠላ እንኳ እንግዳ አላጣም። ነፋሻ በሆነ የሞቀ ቀን ጥጥ የሚመቸንም ለዚህ ነው፤ ከገላችን የሚወጣውን ላብ ገና በእንፋሎትነቱ ሳለ ይቀበለዋል፣ ወደ ውጭም ያሳልፈዋል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። ገና ታጥቦ የማያውቅ ለጋ ጋቢ ላይ የውሃ ጠብታ ቢያርፍ ወዲያው አይሰርግም፤ ድቡልቡል ብሎ ይቆያል። ምክንያቱ ጥጥ ከማሳው ይዞት የመጣው ቀጭን ሰም ነው። ሰሙ በሙቅ ውሃና በሳሙና ሲለቅ በሮቹ ይገለጣሉ። መድኃኒት ቤት የሚሸጠው ጥጥ ሰሙ ሙልጭ ተደርጎ የተወገደለት ያው ጥጥ ነው፤ ከራሱ ክብደት 20 እጥፍ የሚበልጥ ውሃ ይይዛል።

እንግዳ የገባበት ቤት ይሰፋል። ጥጥም ውሃ ሲገባበት ይወፍራል፤ አይረዝምም ማለት ይቻላል። ምዕራፍ አራትን ያስታወሰ አንባቢ ቀጥሎ የሚሆነውን መገመት ይችላል፦ የተከረረ ነገር ሲወፍር ርዝመቱን ይከፍላል። ርጥብ ገመድ የሚጠብቀው፣ አዲስ ጋቢ መጀመሪያ ሲታጠብ የሚያጥረው በዚህ ነው። ጋቢ ሲያሰፉ አንድ ክንድ አስረዝመው የሚያዝዙ እናቶች ይህን ሒሳብ ያለ መጽሐፍ ያውቁታል።

ጥጥ ከሌሎቹ ክሮች የሚለይበት ሌላም ጠባይ አለው፤ ሲርስ ይጠነክራል። ውሃው ሰንሰለቶቹን ስለሚያፍታታ ሸክሙ በሁሉም ላይ እኩል ይደርሳል፤ ርጥብ የጥጥ ክር ከደረቁ ይልቅ ከ10 እስከ 20 በመቶ የበለጠ ይጎተታል። በቀሃና በአንገረብ ወንዝ ዳር ነጭ ልብስ በድንጋይ ላይ እየተደበደበ ሲታጠብ ኖሮ ያልተበጣጠሰው ለዚህ ነው። ዱሮ ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው ሳሙና እንዶድ ነበር። (ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ እንዶድ የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሱበት፣ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነው። የልብስ አጠባ ታሪክ አንዳንዴ ወደ ሕክምና ታሪክ ይገባል።)

የራሰ ጋቢ ለምን ጠላት ይሆናል

ጋቢ የሚያሞቀው ጥጡ ሙቀት ስላለው አይደለም። በእጅ የተፈተለው ክር ለስላሳና ብዙ ጸጉር ያለው ነው፤ አራት ድርብ ሲሆን በመካከሉ ብዙ አየር ያቁራል። የሚያሞቀን ይህ የቆመ አየር ነው። አየር ሙቀትን በዝግታ ያስተላልፋል፤ ውሃ ግን ከአየር 24 እጥፍ ያህል በፍጥነት ያስተላልፋል። ጋቢው ሲርስ አየሩ ይወጣና ቦታውን ውሃ ይይዘዋል። ከገላችን የወጣው ሙቀት መንገድ ተጠርጎለት ወደ ውጭ ይፈስሳል።

በዚህ ላይ የእንስራው ነገር ይጨመራል። አንድ ሊትር ውሃ ከልብሳችን ላይ ተኖ እንዲያልቅ የሚወስደው ሙቀት፣ ከአምስት ሊትር በላይ ውሃ ከበረዶ ቅዝቃዜ አንሥቶ እስኪፈላ ከሚፈጀው ጋር ይተካከላል። እንስራው ውሃውን ሲያቀዘቅዝ እሰየው እንላለን፤ እንስራው እኛ ስንሆን ግን ነገሩ ይከፋል። ጥጥ እንግዳውን በየክፍሉ አስገብቶ ስላስተናገደ ደግሞ ቶሎ አይሸኘውም፤ ለሰዓታት ያቆየዋል። ቅዝቃዜውም በዚያው ልክ ይረዝማል።

አየር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ጨነቅ ላይ ከጎንደር 10 ዲግሪ ያህል ይበርዳል፤ በበጋ ሌሊት ውርጭ አለ፣ በክረምት ዝናብና ጉም። ከተማ ላይ ሰው የሚያምርበት የጥጥ ልብስ እዚያ ከራሰ በኋላ ለሕይወት ያሰጋል። የተራራ አስጎብኚዎች የጥጥ ጂንስ ለብሶ የመጣውን መንገደኛ ፊታቸውን ቅጭም አድርገው የሚያዩት ያለ ምክንያት አይደለም።

የበግ ጸጉር፦ አጥርም ጓዳም ያለው

ሱፍ ከሴሉሎስ አልተሠራም። መሠረቱ ኬራቲን የሚባል ፕሮቲን ነው፤ የራስ ጸጉራችን፣ ጥፍራችንና የበሬ ቀንድ ከዚሁ ወገን ናቸው። የሱፍ ጭረት በጉሊ መነጽር ሲታይ ላዩ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ ይታያል፤ ቅርፊቱ ላይም በጉ ከቆዳው ያመነጨው ቅባት ተለቅልቋል። ይህ የቤቱ አጥር ነው። በግርግር የመጣ እንግዳ፣ ማለትም የዝናብ ጠብታ፣ አጥሩ ላይ ደርሶ ተንሸራቶ ይወርዳል። አንድ አንድ እያለ የመጣው እንግዳ፣ ማለትም እንፋሎቱ፣ በቅርፊቶቹ መካከል ሾልኮ ወደ ጓዳ ይገባል። ጓዳውም ሰፊ ነው። ጥጥ 8 ግራም በሚይዝበት አየር ውስጥ 100 ግራም ሱፍ 16 ግራም ያህል ይይዛል፤ አየሩ በርጥበት ከተሞላ ደግሞ የክብደቱን ሲሶ ያህል ውሃ ጓዳው ደብቆ ላዩን ሲዳስሱት ደረቅ ሊመስል ይችላል።

እዚህ ላይ ነው ሱፍ ከሁሉም የሚበልጠው። ከአየር ላይ እንፋሎት ሲገባና በሩ ላይ ካለው ዘመዱ ጋር ሲያያዝ ሙቀት ይለቃል። ይህ እንስራው ላይ ያየነው ነገር ተገልብጦ ነው፦ ውሃ ሲተን ሙቀት ይወስዳል፣ ከእንፋሎትነት ተመልሶ ሲያርፍ ሙቀት ይሰጣል። ከደረቅ ቤት ወደ ጉም የወጣ ሱፍ ለባሽ፣ ልብሱ ርጥበት እየሳበ በሄደ መጠን ትንሽ ትንሽ ያሞቀዋል። ጥጥም ይህን ያደርጋል፤ ግን የሚስበው ትንሽ ስለሆነ የሚለቀውም ትንሽ ነው። በዚያ ላይ የሱፍ ጭረት ተፈጥሮው የተጠቀለለ ስለሆነ ቢርስም ሙሉ በሙሉ አይተኛም፤ አየሩን ሁሉ አሳልፎ አይሰጥም።

የደጋው ሰው ባናና በርኖስ የሠራው፣ የጎንደር የአብነት ተማሪ ደበሎ ደርቦ ክረምትን የተሻገረው ይህን ተማምኖ ነው። ደበሎ ላይ ጸጉሩ ከነቆዳው ነው፤ ቅባቱም በብዛት አለ። ደበሎን ለከተማ ሰው የድህነት ምልክት ብቻ አድርጎ ማየት ቀላል ነው። እኔ ግን በሥራው ስመዝነው ከብዙ የሱቅ ጃኬት አስበልጠዋለሁ፤ ቁንጫው ካልተቆጠረ።

ሱፍ ድክመትም አለው። ሲርስ እንደ ጥጥ አይጠነክርም፣ ይደክማል። በሙቅ ውሃና በሳሙና ከተሻሸ ደግሞ ቅርፊቶቹ አንዱ በአንዱ ውስጥ ገብተው ይቆላለፋሉ፤ ወደፊት እንጂ ወደ ኋላ አይመለሱም። ልብሱ ይጠቀጠቃል፣ ይጠብባል፣ የአባት ሹራብ ለልጅ ይሆናል። ወንዝ ዳር ለጥጥ የሚሆነው ድብደባ ለሱፍ ቅጣት ነው። ቀዝቀዝ ባለ ውሃ፣ ሳያሹ ነክሮ ማውጣት ይበቃዋል።

ሐርን በአንድ ዐረፍተ ነገር ልለፈው፦ እሱም ፕሮቲን ነው፣ ቅርፊት ግን የለውም፣ ከአየር የሚይዘው ውሃ 11 ግራም አካባቢ ነው፣ ልስላሴውና ብርሃን አንጸባራቂነቱም ከዚሁ ልሙጥነቱ ይመጣል።

ቴትሮንና ሃይላንድ

አሁን ወደ ማልያው እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1935 የአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ ኬሚስት ዋላስ ካሮዘርስ ናይለንን ሠራ። ስድስት ዓመት ቆይቶ በ1941 ሁለት እንግሊዛውያን፣ ጆን ሬክስ ዊንፊልድና ጄምስ ዲክሰን፣ ፖሊስተርን አገኙ። እኛ ቴትሮን የምንለው ጨርቅ ክሩ ይኸው ነው። ከነዳጅ ዘይት የሚገኙ ሁለት ነገሮች ተዋሕደው ረጅም ሰንሰለት ይሆናሉ፤ ሰንሰለቱ ቀልጦ በቀጫጭን ቀዳዳዎች ይገፋል፣ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ይሳባል፣ ክር ይሆናል። ይኸው ቁስ በሌላ ቅርጽ ሲወጣ የሰሜን ተራሮች ልጆች «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ከመንገደኛ የሚለምኑት የውሃ ጠርሙስ ነው። ጠርሙሱ ተፈጭቶና ቀልጦ የብርድ ጃኬት የሚሠራባቸው ፋብሪካዎች አሉ። ጠርሙስ ሆኖ ውሃ የማያሳልፍ ነገር ክር ሆኖ ውሃ ቢጠጣ ነበር የሚገርመው።

የፖሊስተር ቤት በር የለውም። ሰንሰለቱ ላይ ውሃ የሚያውቀው ዘመድ የሚቆምበት ቦታ ከሞላ ጎደል የለም። ጥጥ 8፣ ሱፍ 16 በሚይዙበት አየር ውስጥ እሱ የሚይዘው ግማሽ ግራም አይሞላም። ናይለን በመጠኑ ይሻላል፣ 4 ግራም ያህል ይይዛል። ሱፍ መስሎ የሚሸጠው አክሪሊክ ሁለት ግራም ቢደርስ ነው። ታዲያ ማልያው ገንዳ ውስጥ ሲገባ የራሰው እንዴት ነው? እንግዳው ቤት አልገባም፤ በቤቶቹ መካከል ባለው ቀጭን መተላለፊያ ቆሟል። በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ውሃ ወደ ጎን እየተሳበ ይሰፋል፣ ወደ ጨርቁ ላይ ይወጣል፣ ነፋስ ያገኘዋል። ደጅ የቆመ እንግዳ ቶሎ ይሄዳል። የስፖርት ልብስ ምስጢር ሁሉ ይህ ነው፤ ማስታወቂያው ግን ያስረዝመዋል።

በር አለመኖሩ ግን ሌላ መዘዝ ያመጣል። ውሃ የማይገባበት ቤት ቀለምም በቀላሉ አይገባበትም፤ ቀለም ብዙውን ጊዜ የሚገባው ውሃን ተከትሎ ነው። የመናኞችን ወይባ በድስት መንከር የሚቻለው ጥጥ ስለሆነ ነው። ፖሊስተር በፋብሪካ ሲቀለም በታፈነ ዕቃ ውስጥ ግፊት ተጨምሮ እስከ 130 ዲግሪ ይሞቃል። ጎንደር ላይ ውሃ ገና በ93 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ፣ የቴትሮን ቀሚስ ቤት ውስጥ ቀለም አልይዝ ቢል ጥፋቱ የቀለሙ አይደለም።

ውሃን የሚጠላ ደግሞ ቅባትን ይወዳል። የአንገትጌ እድፍ፣ የቅቤና የወጥ ዘይት ከፖሊስተር ላይ አልለቅ የሚሉት ለዚህ ነው። ከገላችን የሚወጣው ቅባትም እዚያ ይቀራል፣ ባክቴሪያ ይመገበዋል፣ ማልያው ታጥቦም ይሸታል። በበጋ ደረቅ አየር ሹራብ በጨለማ ሲወልቅ የሚፈነጥቀው ብልጭታም የዚሁ ወገን ነው፤ ጥጥ ውስጥ ያለው ጥቂት ውሃ ኤሌክትሪኩን ቀስ አድርጎ ያሸሸዋል፣ ፖሊስተር ውስጥ የሚያሸሸው ስለሌለ ይጠራቀማል።

ከሁሉም የባሰ ደረቅ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ማዳበሪያ የምንለው ጆንያ። ምንም አይጠጣም፤ ከውሃም ስለሚቀልል ይንሳፈፋል። ገበሬው ጎኑን አጣጥፎ እንደ ቆብ ራሱ ላይ ሲደፋው የቁሱን ጠባይ በትክክል ተረድቷል። ከእሱ በፊት ለዚህ ሥራ ገሳ ነበረ። ገሳ ከሣር ይሠራል፤ ሣር ደግሞ ሴሉሎስ ነው፣ ውሃ ይጠጣል። ገሳ ዝናብ የሚከላከለው ሣሩ ወደ ታች ተንዘርፍፎ ስለተደረደረና ጠብታው ሳይሰርግ ስለሚወርድ ነው። አሠራር አንዳንዴ የቁስን ጠባይ እንደሚያሸንፍ ገሳ ምስክር ነው፤ ስለዚህ የዚህን ምዕራፍ ሐሳብ ለሁሉም ነገር ቁልፍ አድርጎ መያዝ አይገባም።

ከፋብሪካ የወጣ የጥጥ ዘመድ

እ.ኤ.አ. በ1892 ቻርልስ ክሮስና ኤድዋርድ ቤቫን የተባሉ እንግሊዛውያን ከባልደረባቸው ጋር ሆነው የእንጨት ሴሉሎስን በኬሚካል አሟሙተው እንደገና ክር የሚሆንበትን መንገድ ከፈቱ። ውጤቱ ቪስኮስ ነው። ሰው ሠራሽ ነው ወይስ የተፈጥሮ? ቁሱ የዛፍ ነው፣ ክሩ የፋብሪካ ነው። ክርክሩን ትተን ውሃን እንጠይቅ። ቤቱ ያው የሴሉሎስ ቤት ነው፤ ግን ፈርሶ ሲሠራ የተቆለፉት ክፍሎች አብዛኞቹ ተከፍተዋል፣ ሰንሰለቶቹም አጥረዋል። ስለዚህ እንግዳ በብዛት ይቀበላል፣ ከጥጥ 8 ግራም ይልቅ 12 ወይም 13 ግራም ይይዛል። ግድግዳው ግን እንግዳውን አይችልም፤ ሲርስ ጥንካሬው ወደ ግማሽ ይወርዳል። ጥጥ በውሃ ሲጠነክር የቅርብ ዘመዱ በውሃ ይረታል። ወራጅ፣ ቀዝቃዛ፣ ለስላሳ የሆነ የቪስኮስ ቀሚስ ያላት ሴት እንደ ነጠላ ጠምዝዛ አትጭመቀው።

የተኮማተረ ጥለት

ዛሬ የሀበሻ ቀሚስ ላይ ከጥጥ ሌላ ክር መግባቱ የተለመደ ነው። ባለቀለሙ ጥለት ብዙውን ጊዜ በፋብሪካ ክር ይጠለፋል፣ ወርቀ ዘቦም ይጨመርበታል። ሲሰፋ ልብሱ ልክክ ብሎ ያምራል። ታጥቦ ሲደርቅ ግን ጥለቱ ተሸብሽቦ ይገኛል፣ ሸማኔውም ይወቀሳል። ወቀሳው ብዙ ጊዜ አግባብ የለውም። መደቡ ጥጥ ነው፤ ውሃ ገብቶበት ወፍሮ አጥሯል። ጥለቱ ውሃ የማይቀበል ክር ከሆነ ርዝመቱ እንደነበረ ነው። አንዱ ሲያጥር ሌላው ካልተከተለው መሸብሸብ የግድ ነው። መፍትሔው ከመስፋት በፊት ነው፦ መደቡ የሚሠራበት ፈትል አስቀድሞ በሙቅ ውሃ ተነክሮ ይድረቅ፤ ካልሆነም ልብሱን በቀዝቃዛ ውሃ፣ ነክረው ሳያቆዩ ማጠብ ነው።

ከዚህ የተለየው ችግር ጥለቱ ጭራሽ ያልተሸመነው ነው። ከውጭ የሚገባ፣ የሀበሻ ልብስ ሥዕል በማሽን የታተመበት የፖሊስተር ጨርቅ አለ። ርካሽ ነው፣ አይሸበሸብም፣ ቶሎ ይደርቃል። ለሚያውቀው ገዢ ይሸጥ፤ በሸማ ስምና በሸማ ዋጋ ሲሸጥ ግን ማታለል ነው።

በጠብታና በክብሪት

ገበያ ላይ መለየት ከባድ አይደለም። ከጨርቁ ጫፍ አንዲት ክር መምዘዝ፣ በወረንጦ ይዞ ልብስና ሰው በሌለበት በኩል ክብሪት ማስነካት ይበቃል። ጥጥ ቶሎ ይነድዳል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ ሲነኩት ብን የሚል ግራጫ አመድ ይተዋል። ሱፍ በግድ ይነድዳል፣ የተለበለበ ጸጉር ይሸታል፣ እሳቱ ሲርቅ ይጠፋል፣ የቀረው ጥቁር ነገር በጣት ሲጫን ይደቅቃል። ፖሊስተር ከእሳቱ ይሸሻል፣ ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፣ ከበረደ በኋላ በጣት የማይሰበር ደረቅ ጠብታ ይሆናል። ይህን ያየ ሰው ምድጃ ላይ ለምትውል እናቱ የቴትሮን ቀሚስ ስጦታ ከመግዛቱ በፊት ሁለቴ ያስባል፤ ጥጥም ይቃጠላል፣ ግን ቀልጦ ቆዳ ላይ አይለጠፍም።

ቪስኮስ በእሳት አይለይም፤ እሱም ሴሉሎስ ስለሆነ እንደ ጥጥ ነው የሚነድደው። ለእሱ ውሃ ነው የሚያስፈልገው። ክሩን መሃሉ ላይ በምራቅ አርሶ መጎተት ነው፤ ቪስኮስ ከሆነ በራሰበት ቦታ ይበጠሳል፣ ጥጥ ከሆነ በደረቀው በኩል። ያለ መሣሪያ ከማውቃቸው ምርመራዎች ሁሉ የምወደው ይህን ነው።

በክረምት ከደባርቅ ወደ ላይ የምትወጡ አንባቢዎች ሆይ፣ ገላችሁን የሚነካው ልብስ ሱፍ ወይም ፖሊስተር ይሁን፤ ጥጡ ከተማ ይጠብቃችሁ። ጋቢውን ግን አትተዉት። በላስቲክ ጠቅልላችሁ ያዙት፣ ዝናብ ላይ አትፍቱት፣ ማታ መጠለያ ገብታችሁ የራሰውን ልብስ ካወለቃችሁ በኋላ ልበሱት። ደረቅ እስከሆነ ድረስ በብርድ ሌሊት ከጋቢ የሚበልጥ ልብስ ጥቂት ነው።